የሞራው ሳሙና

ሞጣ፣ በመፃጉዕ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት

ይድረስ ለእናቴ፣ ቢቸና

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ሲበርድ የሚጠዘጥዝሽ ሕመም በጾሙ ስግደት እንዳይብስብሽ እሰጋለሁ፤ ስግደቱን ቀነስ አድርጊው ብልሽ እንደማትሰሚኝም አውቃለሁ። ላሚቱ ወለደች ወይ? ምሥራቅስ ደብተሯን ትገልጣለች ወይስ እንደ ድሮው ስልኳ ላይ ተጥዳ ነው የምትውለው? (ምሥራቅዬ፣ ይህችን መስመር እንዳታልፊያት፤ እንዳለች አንብቢላት።) ከዚህ ቀጥሎ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድሁት። ደህና አይደለሁም፣ እማዬ።

ስልክ ያልደወልሁልሽ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። በስልክ ድምፄን ትሰሚያለሽ፤ ድምፄን ከሰማሽ ደግሞ ሌላውን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ወረቀት ይሻላል። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ነገሩ የጀመረው በሳሙና ነው ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ግን በሳሙና ነው የጀመረው።

ሳሙናዬን ታውቂዋለሽ። አምና ለፋሲካ የላክሁልሽ ግራጫው፣ አንቺ ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ ሳሙና ብለሽ የሳቅሽበት። የሠራሁት ለሽታሁን እጅ ብዬ ነበር። ባሌ ጋራዥ ውሎ ሲገባ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፤ በሱቅ ሳሙና ሲታጠብ ግሪሱ ወደ ፎጣዬ ይዛወራል እንጂ እሱን አይለቀውም። በሴቶች ስልጠና ላይ ሞራና ኮስቲክ ሶዳ ቀላቅለን ሳሙና ማብሰል ተምረን አልነበር? አንድ ቀን በፎጣው ተናድጄ፣ ሳይረጋ በሻሽ የነፋሁትን አመድና ደቃቅ አሸዋ ጨመርሁበት። ሽታሁን ታጠበበትና እጁን ወደ በሩ ብርሃን አውጥቶ እያገላበጠ፣ ይህ እጅ የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው። መጀመሪያ ጋራዡ ሁሉ መጣ። ሥጋ ቤቱ የመክተፊያ ግንዱን ይፈገፍግበት ጀመር። ሻይ ቤቷ ከውስጥ የጠቆረውን ማንቆርቆሪያዋን አስነጣችበት፤ ልብስ ሰፊው ካውያው ላይ ተቃጥሎ የተጣበቀውን ናይለን አስለቀቀበት። ቀለም ቀቢው ለጥፍሩ፣ ሾፌሮቹ ለቸርኬያቸው፣ መምህራኑ ነጭ ለነበረው ስኒከራቸው ይወስዳሉ። ጤና ጣቢያ የተመደበችው ልጅ የተከራየችው ቤት ወለል ቀይ መሆኑን ያወቀችው በእኔ ሳሙና ካጠበችው በኋላ ነው። ገበያ ላይ ድስት የሚሸጡትም ሰንብቶ የደበዘዘባቸውን ዕቃ በእሱ ወልውለው አዲስ ነው ብለው ይሸጡበታል። አንዲት ሴትዮ ለጥርስ ይሆን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ሳቄን መያዝ ቢያቅተኝ ተቀይማኝ ሄደች።

ሙኒያም ፈለገችው። ሙኒያ ባለፈው ስትመጪ ቴምር የሰጠችሽ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ አብዱልዋሂድ ሸቀጥ የሚጭን ኢሱዙ ያለው። ለወጥ ቤቴ ልግዛው ነበር፣ ግን ሞራው ከየት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ መጠየቅም አለባት። ከእነሱ ሥጋ ቤት አስመጥታልኝ፣ ለብቻው ባልዲ ይዤ፣ ለብቻው አበሰልሁላት፤ እንዳይቀላቀልም ዳር ዳሩን በቢላ ጫር ጫር አደረግሁት። አየሽ እማዬ፣ ለሙኒያ ሃይማኖት ይህን ሁሉ ያሰበው ጭንቅላቴ ለራሱ ጾም አንድ ነገር አላሰበም።

ቅበላ ደረሰ። የቅበላ ሰሞን እንዴት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም፤ ሥጋና ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቶ የሚፈገፈግበት ጊዜ ነው። ዘንድሮ ሰፈሩ በሙሉ የፈገፈገው በእኔ ሳሙና ነው። በየአጥሩ ላይ ድስቱ ተደፍቶ ሲያብረቀርቅ እያየሁ ደረቴን ነፍቼ አልፍ ነበር። እኔም የቤቱን ዕቃ ስጨርስ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የእማሆይን ትንሽ ብረት ድስት አነሳሁ። እማሆይ ወለተ ሐናን ታውቂያቸዋለሽ፤ አማቴ ቆብ ከጫኑ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው፣ በቀን አንዴ ነው የሚቀምሱት፣ እሱንም በዚያች ድስት። ሥጋም ቅቤም ገብቶባት አያውቅም። ጭስ ብቻ ነበር ያጠቆራት። ደስ ይበላቸው ብዬ ነው ያጠብሁት፣ እማዬ።

ሥጋ ቤቱ በቅበላ ብዙ አርዶ ስለነበር ሞራ ተርፎት ሰጠኝ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፤ ካላቀለጥሁት ሊሸት ነው። እንግዲህ የዘወረደ ሰኞ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን፣ ግቢዬ ውስጥ ትልቅ በርሜል ጥጄ ሞራ አቀልጣለሁ። ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ዞረው። አስናቀች፣ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ የገብረ ክርስቶስ ሚስት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ሥጋ የምጠብስ መስሎታል። ንዴቴን ታውቂዋለሽ። ማማሰያዬን ይዤ ቆምሁና፣ ለሆዴ አይደለም፣ ለሳሙናዬ ነው ብዬ ጮህሁባት። ሰፈሩ እንዲሰማኝ ብዬ ነው የጮህሁት፤ ሰማኝም። አስናቀች፣ ለየትኛው ሳሙና ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነው ለእኔም የገባኝ።

ሲመሽ ሳሙናዬ ከየቤቱ እየተመለሰ በራፌ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ግማሽ ያለቀ፣ ሩብ ያለቀ፣ ያልተነካም። አስናቀች ወርውራ ነው የመለሰችልኝ፤ ጾሜን አስገደፍሽኝ ብላ አለቀሰች። አንድ መምህር ሊያግዘኝ ብሎ የሱቁም ሳሙና እኮ ከሞራ የሚሠራ አለ ቢላቸው፣ ሁለት ሴቶች የሱቁንም ይዘው መጥተው እኔው ደጅ ጣሉት። የንስሐ አባታችን መጥተው ሳታውቁ ያደረጋችሁት ነው፣ ዕቃውን በአመድና በውኃ እጠቡት፣ እናንተም ጸልዩ ብለው አረጋጉ። ሰዉ ድስቱን ይቅር አለው፤ እኔን ግን አላለኝም። ሰላምታ የሚነፍጉኝ ነበሩ። ሽታሁን ይስቅ ነበር፤ ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም እጁ በቅባት ተጨማልቆ ይለምንሻል ይለኝ ነበር።

እሱ መሳቅ ያቆመው በእናቱ ነው። እማሆይ ምንም አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በወደድሁ። ያችን ድስት አንስተው፣ ደፍተው፣ አልጋቸው ሥር አስገቧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቀምሱት በሶ ብቻ ሆነ፣ በቅላቸው በጥብጠው፤ እሱንም ከማታ ወደ ማታ እየቀነሱት። አባ ፈቅደዋል እኮ ብንላቸው፣ አባ የፈቀዱት ለእናንተ ነው አሉ። ሳሙና ያላየች፣ ማንም ያልነካት ድስት ካገኘሁ እበላለሁ አሉ። ሽታሁን ሮጦ ከገበያ አዲስ ድስት ገዛላቸው። አገላበጡትና ነጋዴው በምን ወለወለው ብለው ጠየቁት። ሰውነታቸው አልቆ ነጠላው ከትከሻቸው ይንሸራተት ጀመር። እናቴ በአንቺ ሳሙና ልትሞት ነው እንዳይለኝ ስፈራ፣ እሱ አንድም ቀን አላለኝም።

ይልቅ አንድ ነገር አሰበ። ሳሙናውን ከኑግ ዘይት እንሥራው አለኝ፤ የጾም ሳሙና ይሆናል፣ አባም ይታጠቡበታል፣ አስናቀችም ታፍራለች። ዘይቱ ሞጣ አለ፣ ኮስቲክ ሶዳው ግን ከሱቅ ጠፍቷል። ለእናቱም ከነወረቀቱ የታሸገ፣ ማንም ያልወለወለው ድስት ከደጀን አመጣለሁ አለ። እማሆይ ይህንን ሲሰሙ እውነትህን ነው ወይ ብለው ፈገግ አሉ፤ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰኞ፣ በምኩራብ ማግስት፣ በአብዱልዋሂድ ኢሱዙ፣ ከቀጠረው ሾፌር ጋር ሄደ። ለመፃጉዕ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ቀሪውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ቢቸና ሲደርስ አንቺ ዘንድ ገብቷል። ከደጀን ደውሎ ሁሉን ነገረኝ። የተልባ ወጥሽን ሁለት ጊዜ እንዳስጨመረ፣ ጉልበትሽን ሊያሽልሽ ሲል በጫማ እንዳባረርሽው። ኮስቲክ ሶዳው ደጀንም የለም አለኝ፤ መኪናው ዓባይን ተሻግሮ ስለሚሄድ አብሬ ልውረድ አለ። ድስቱን ግን ገዝቼዋለሁ፣ ሰማያዊ ነው፣ ክዳን አለው፣ ለእማ ንገሪልኝ አለኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም።

ኔትወርክ ነው አልሁ። መፃጉዕ አለፈ፤ አሁንም ኔትወርክ ነው አልሁ። አብዱልዋሂድ ሰኞ ዕለት በድንገት ወደ ደጀን ወረደና በሰው መኪና ተመለሰ፤ ከተመለሰ ጀምሮ በእኛ በር አያልፍም፣ በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። በቀን ሁለቴ የምትመጣው ሙኒያ ቀረች። ቤቷ ሄድሁባት። መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ሽታሁንም እዚያው እየሠራው ነው አለችኝ፤ ወለሉን እያየች ነው የነገረችኝ። ስወጣ አንገቴን አቅፋ ብዙ ቆየች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር አለች። ቤቷ ሽንኩርት አይሸትም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰዉ ደግ ሆነብኝ። እማዬ፣ ይህንን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ሳሙናዬን የመለሱት ሴቶች ናቸው። ሊገዙ መጡ። በጾሙ አጋማሽ፣ የሞራውን ሳሙና! እዚያው ጥግ የከመርሁትን ዋጋ ሳይከራከሩ አነሱት። አስናቀች ብዙውን ወሰደች፤ ላስቸገርሁሽ ይቅር በይኝ ብላ እጄን ያዘችኝ። የጋራዡ ልጆች ሳልጠራቸው መጥተው የሚንጋደደውን የግቢ በር አቀኑ፣ እንጨት ፈልጠው ቆለሉ፤ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። እውነቱ ገባቸው፣ ታረቁኝ ብዬ ማክሰኞን ሙሉ ስዘፍን ዋልሁ። እማሆይ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር፤ ዝም በይ አላሉኝም። ያ ዘፈኔ አሁን ያሳፍረኛል።

ዛሬ ጠዋት ጨው ልገዛ ወጣሁ። በእድሩ ዕቃ ቤት በኩል አለፍሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ድንኳኑ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል፣ ወንበሮቹ ወጥተዋል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የእድሩን ትልልቅ ድስቶች ይፈገፍጋሉ። በእኔ ሳሙና። ግራጫ አረፋው በመንገዱ ቦይ እየወረደ እግሬ ድረስ መጣ። ሲያዩኝ ሁሉም ከተቀመጡበት ተነሡ። አስናቀች የያዘችው ያን ለንፍሮ የሚሆነውን ትልቁን ነበር።

ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁ። ማንም፣ እንዲያው አቧራ በዝቶባቸው ነው አለችኝ። የእድር ድስት ለአቧራ ተፈግፍጎ ያውቃል፣ እማዬ? እኔ ግን ምን አልሁ መሰለሽ? የእጀታውን ሥር አላስለቀቅሽውም፣ እዚያ ጋ በሳሙናው ጫፍ አድርገሽ ከታች ወደ ላይ እሽው አልኋት። እንዲያውም ጎንበስ ብዬ አሳየኋት። በእጄ አሳየኋት። ከሥር ጥቁሩ ለቆ ብረቱ ነጭ ሲሆን አየሁት። አስናቀች ፊቷን አዞረች፤ ሌሎቹም ዞሩ። ጨዉን ሳልገዛ ተመለስሁ።

እማሆይ በራፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። የት ነበርሽ አሉኝ፤ ጨው ልገዛ አልኋቸው። ባዶ እጄን አዩት። ከዚያ የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፍቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተከፍቷል አልሁ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ አልጋቸው አጠገብ ተንበረከኩ፣ ላግዝዎ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ያችን ድስት ከሥር ጎትተው አወጧት። በነጠላቸው ጫፍ አቧራዋን ጠርገው ሰጡኝና በዚህች ሽሮ ሥሪልን አሉ።

እማሆይ፣ አዲሱ ድስት ይመጣል እኮ፣ ሰማያዊው አልኋቸው። አዲስ ድስት አልጠብቅም፣ ልጄ፤ አንቺም ብዪ፣ ነገ በባዶ ሆድ አይቻልም አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ የልጄ ሚስት ነው የሚሉት።

ሠራሁት፤ ጨው የለውም። ከአንድ ሳህን በላን። አጎረሱኝ፣ አጎረስኋቸው። እኔ እሳቸው እንዳያዩብኝ፣ እሳቸውም እኔ እንዳላይባቸው አንገታችንን ደፍተን ነው የበላነው። ሳህኑን ጨረሱት፣ እማዬ። ይህን ሁሉ ጊዜ ይብሉልኝ ብዬ የተሳልሁት እኔ ነኝ፤ ሲበሉ ሳይ ግን ጉርሻውን ከእጃቸው ነጥቄ ይተዉት፣ ይጹሙ፣ ይጠብቁት ልላቸው ፈለግሁ። አሁን ከጓሮ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ፤ እሳቸው ድስቷን ይዘው ደጅ ወጥተው ያጥቧታል። በሳሙናዬ ነው።

አንቺም ሰምተሽ እንደሆነ፣ እንደሌላው ሰው ዝም ብለሽኝ እንደሆነ፣ አልቀየምሽም። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ማለዳ ተሰብስበው እስኪመጡ ሰው አፉን ይይዛል። እኔም ይዤአለሁ፤ ይኸው በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ አንዲቷን ቃል አልጻፍኋትም፣ ካልጻፍኋት ገና አልሆነችም ብዬ። ብቻ ነይልኝ። ይህን ደብዳቤ ከሰዓት የሚወጣው ሚኒባስ ረዳት ያመጣልሻል፤ ነገ የመጀመሪያውን መኪና ያዢ። እማሆይን ብቻዬን መያዝ አልችልም፤ እሳቸውም እኔን አይችሉኝም። ስትመጪ ሽታሁን አንቺ ዘንድ ሲበላ ምን ምን እንዳወራ ትነግሪኛለሽ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትንገሪኝ፤ ትንሽ ትንሽ እያልሽ አቆይልኝ። በጫማ ያባረርሽውንም እንዳትረሺው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ነጠላሽን ከቢቸና ጀምረሽ እንዳታዘቀዝቂው። እስከ በራችን ድረስ እንደ ደህና ቀን ልበሺው። ከሩቅ ሳይሽ ለአንድ አፍታ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች ልበል።

ምሥራቅዬ፣ ይህችን ደግሞ ለራስሽ አንብቢያት፣ ድምፅ አታውጪ። አባዬ ያረፈ ጊዜ የለበስሁት ቀሚስ ሣጥኔ ውስጥ ከታች አለ፤ ይዘሽልኝ ነይ። እማዬን መኪና ላይ በመስኮት በኩል አስቀምጫት፣ እጇንም ያዣት።

እማዬ፣ ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ያሳደገኝን ደጅሽን አይዝጋብሽ፣ ለላሚቱም ወተት ይስጣት። መንገዱን ያቅናልሽ፤ ዓባይን የማትሻገሪ በመሆንሽ እንኳ ዛሬ አመሰገንሁ። በሩን ክፍት አድርጌ እጠብቅሻለሁ፤ ልጆቹ አቅንተውታል፣ ሲከፈት አይንጫጫም።

ልጅሽ